ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤታችን አንድ ካርቶን መጻሕፍት መጣ። ካርቶን የምከፍተው፣ አቧራውን የምጠርገው፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ የማቆመው እኔ ነኝ። ልጆቹ «መአሊመድ» ይሉኛል፤ በሶማልኛ መምህርት ማለታቸው ነው። መምህርት አይደለሁም፤ የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ብዙ ጊዜ ነገርኳቸው፣ አልሰሙኝም፤ አሁን እኔም ማረሙን ትቼዋለሁ።

ከካርቶኑ ግርጌ፣ ሽፋናቸው ከተገነጠለ የተረት መጻሕፍት ሥር፣ የፕላስቲክ ቼዝ ተገኘ። ሆዳን የምትባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለች፤ የዕረፍት ደወል ሲደወል ከሩጫው ይልቅ የእኔን ክፍል ትመርጣለች። ጠጠሮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸውና አንድ በአንድ እያነሳች ትጠይቀኝ ጀመር።

ግንብ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው አልኳት፤ የሚያግደው እስከሌለ ድረስ ወደፊትም ወደኋላም ወደ ጎንም። ጳጳስ በሰያፍ ብቻ ነው፤ ነጭ ቤት ላይ ከተነሳ ነጭ ላይ ይሞታል፣ አጠገቡ ያለውን ጥቁር ቤት አንድም ቀን ሳይረግጥ። ንግሥት የሁለቱንም መንገድ ታውቃለች። ንጉሥ እሷ በምትሄድበት አቅጣጫ ሁሉ ይሄዳል፣ ግን እንደ ሽማግሌ ነው፣ አንድ እርምጃ ብቻ። ወታደር ወደፊት እንጂ ወደኋላ አያውቅም፤ ሲበላ ደግሞ መንገዱን ትቶ በሰያፍ ይበላል። ሁሉንም ሰማችና አንዱን አንስታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው።

«ፈረሱስ ለምን ይታጠፋል?»

ይህንኑ ጥያቄ እኔም ጠይቄው ነበር፤ በዚሁ በሀርጌሳ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ። የጠየቅሁት ሰው ወዲያው አልመለሰልኝም። መጀመሪያ ከኪሱ የቧንቧ መገጣጠሚያ አወጣ፤ ያንን እንደ ክርን የታጠፈውን፣ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉትን ብረት። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና፣ «ውሃ ግድግዳ ሲገጥመው ምን ያደርጋል?» አለኝ።

ይርጋ ይባላል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር።

ያን ጊዜ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ፣ ሂንዳ በሚባሉ ሴት ቤት እሠራ ነበር። ሂንዳ ሰዓት አክባሪ ናቸው፤ እኔም ነኝ፤ በዚያ ተግባብተን ኖርን። ከሰዓት በኋላ ጥቂት ለትምህርት ይለቁኛል። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እግሩ መሬት አይደርስም፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ዴስኩን ከመሬት ያነሳዋል። ስጽፍ እሱ «አትነቃነቂ» ይለኛል። እንደዚያም ሆኖ ፊደል ከፊደል ተጋጥሞ ትርጉም ሲሰጠኝ የሚሰማኝን ደስታ የሚያህል ነገር እስከዚያ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር።

ዕረፍቴ ዓርብ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከኮድቡር ተነስቼ መሐመድ ሞጌ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ባጃጅ እንዳሁኑ አልበዛም። መንገዱ ላይ የሚያቋርጠው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ፍየሎች ይተኙበታል፣ መኪና ይታጠብበታል። ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ሲመጣ ግን ድንገት ሞልቶ ይወርዳል፤ ያኔ ሰው በወዲህና በወዲያ ዳር ቆሞ ይተያያል፣ ከመተያየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም።

የምሄደው ጋሽ እድሪስ ሱቅ ነበር። ጋሽ እድሪስ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሀርጌሳ ብዙ ዘመን የኖሩ። ስኳርና ሩዝ ይሸጣሉ፣ ከጀርባ ደግሞ ለእኛ ለአገራቸው ልጆች ሽሮና በርበሬ። ከጁምዓ ሰላት መልስ ሱቁን ሲከፍቱ በረንዳቸው ላይ የማይቀመጥ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ እየመሸ ሲሄድ ግን ሁሉም ይበተንና እኔና ይርጋ እንቀራለን። እዚህ ከተማ ያላገባ ወንድና ያላገባች ሴት ለብቻቸው አይቀመጡም። ስለዚህ ጋሽ እድሪስ ሦስተኛችን ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ዱካ ስበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ግማሽ ዓይናቸውን ከድነው ይቀመጣሉ።

«እኔ የሚዛን ምላስ ነኝ» ይላሉ። «እናንተ ሁለቱ ሳህኖች ናችሁ። ወደ አንዱ አላጋድልም።»

ሂንዳ ዓርብ ስወጣ ሩዝ በግመል ሥጋ፣ ከላዩ ሙዝ ጥለው፣ በሳህን ጠቅልለው ይሰጡኛል። ዓርብ ጾም ነው፤ ጾም ባይሆንም የግመል ሥጋ አልበላም። ይህን ብነግራቸው የሚከፋቸው ይመስለኝና ተቀብዬ እወጣ ነበር። ሙዙን ለሁለት ገምሰን እኔና ይርጋ እንበላለን፣ ሩዙና ሥጋው የጋሽ እድሪስ ነው።

«ሂንዳን አላህ ይስጣት» ይላሉ ጣታቸውን እየጠረጉ። «ፊቷን ሳላየው አደለበችኝ።»

ሰሌዳውን የሠራው ይርጋ ነው፤ ከሥራ ተርፎ ጠርዙ የተሸረፈ ሰፊ ሴራሚክ ላይ፣ በመቁረጫው መስመር ጭሮ፣ ጥቁሩን ቤት በቀለም ሞልቶ። ጠጠሮቹ ከሕንፃ የተለቀሙ ነበሩ። ወታደሮቹ ቡሎን የሚያስሩበት ዳዶ፣ ግንቦቹ አጫጭር የቱቦ ቁራጮች፣ ጳጳሶቹ ሚስማር የሚጎርሱት የፕላስቲክ ፊሸሮች። ንጉሡ ወፍራም ቡሎን ነው፤ ንግሥቲቱ የቧንቧ መዘውር፣ በየአቅጣጫው ቅርንጫፍ ያላት። ፈረሶቹ ጎሚቶ። የአንዱን ወገን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክሮ አውጥቷቸዋል።

«ይታጠፋል» አልኩት ያን ዕለት፣ ስለ ውሃው ሲጠይቀኝ።

«ፈረስም እንዲሁ ነው። ሁለት ሄዶ ይታጠፋል። ግን ከውሃ ይበልጣል፤ ግድግዳውን ይዘለዋል።»

«የአያቴ ፈረስም እንደዚህ ነው» አልኩ። ያልጠበቀው ነገር ነበር። ለካ እሱ ምንም የማላውቅ መስሎት ነው የሚያስተምረኝ።

አያቴ በልጅነቱ አንድ ባላባት እልፍኝ ውስጥ ያገለግል ነበር፤ ሰንጠረጅ፣ የጥንቱን ያገራችንን ቼዝ፣ የተማረው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ጌቶቹ ሲጫወቱ እያየ ነው። ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ፣ መስመሩ ጥቁር ክር፤ ነጭና ጥቁር ቤት የሚባል ነገር የለም። እሱን የሚገጥሙት ሰዎች ሁሉ ሞተው ሲያልቁ እኔን አስተማረኝ። በእሱ ጨዋታ ንግሥት የለችም። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ነው፣ አማካሪ፤ በሰያፍ አንዲት እርምጃ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በጳጳሱ ቦታ ፊል አለ፣ ዝሆን ማለት ነው፤ እሱ በሰያፍ መሃል ላይ ያለውን ተሻግሮ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ጠላትን በግንብ ማሸነፍ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው፤ ክብሩ በተናቀው በወታደር ማሸነፍ ነው ይል ነበር አያቴ።

ይርጋ ሁሉንም በጥሞና ሰማኝ። አንዱ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው። በአያቴ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ወረራ ይባላል። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ማሰለፍ ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እሱ በዚህ በኩል ሲያጠብቅ አንተ በዚያ ታላላለህ፣ ሐሳብህን ቀይረህ ትመልሳለህ፣ እንደገና ታወጣለህ፤ ሁለት ሰዎች እስክስታ እንደሚጋጠሙት።

«ይሄማ ግርግር ነው» አለኝ።

«ግርግር አይደለም። ሕግ አለው።»

«ተራ ከሌለ ሕጉ የቱ ጋ ነው?»

«ዓይንህ ላይ። የሰውየውን እጅ ካላየህ ተበላህ።»

ጋሽ እድሪስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ወላሂ የእኔ ትዳር እንደዚህ ነው የተጀመረው» አሉ።

እንደ ይርጋ ሕግ ተጫወትን። ነጩ ይጀምራል፣ ከዚያ ተራ በተራ። ነጩን ሁልጊዜ ለእኔ ይሰጠኛል። ተራ መጠበቅ ለካ ለእኔ የተፈጠረ ነገር ነበር። እሱ እያሰበ ሳለ እጁን አያለሁ፤ ጥፍሩ ሥር የማይለቅ ነጭ ሲሚንቶ አለ፤ ጎሚቶውን አንስቶ ከማሳረፉ በፊት ትንሽ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል። እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። ሌላ ምንም አልተባባልንም። ዓርብ ሲደርስ ልብሴን ሁለት ጊዜ እተኩሳለሁ፣ ያ ነው።

የጉ ዝናብ ሊገባ ደመናው በከበደበት አንድ ዓርብ፣ ይርጋ ግማሽ ላይ ያለውን ጨዋታ ትቶ እጁን ሰበሰበ።

«አለቃችን በርበራ ሥራ ይዟል» አለ። «ከዚያ ጅቡቲ ይሻገራል። እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ጋሽ እድሪስ አንድ ጊዜ ሳሉ። ተነሱና ዱካቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በፊት ጥለውን ገብተው አያውቁም።

«ምን ሆኜ ነው የምሄደው?» አልኩት።

«ሚስቴ ሆነሽ ነዋ።» ይህን ያለው ሰሌዳውን እያየ ነው።

«ትምህርቴስ?»

«በርበራ ትምህርት ቤት የለም ያለሽ ማነው?»

እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። እዚህ ያገኘሁት ወንበር እንኳ በስንት ልመና ነው። «ለዓርብ እነግርሃለሁ» አልኩት።

የዚያን ሳምንት ነገር ሁሉ ዛሬ ድረስ በአፍንጫዬ አለ፤ የሂንዳ ጣሪያ ላይ ያሰጣሁት ልብስ የሳሙና ሽታ፣ ከሩቅ የሚመጣው የዝናብ ሽታ፣ ጠዋት ጠዋት ላሆህ ለሚሉት ስስ እንጀራ የማቦካው ሊጥ። ሰኞ አልሄድም አልኩ። ማክሰኞ አሰብኩ። ረቡዕ ከክፍል በኋላ መምህሩ ጋ ሄጄ የተዋስኩትን የንባብ መጽሐፍ መለስኩለት። «ጨረስሽው?» አለኝ። «አልጨረስኩም» አልኩ። ሳልጨርስ የመለስኩት መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ስወጣ አለቀስኩ፤ ግን ልቤ ቆርጦ ነበር። እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

ዓርብ ስደርስ ይርጋ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ጸጉሩን ተቆርጧል። እጁን በምን እንዳሸው እንጃ፣ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አልነበረም። ጠጠሮቹን በሁለቱም በኩል ደርድሯቸዋል። ጋሽ እድሪስ ሳህኑን ተቀበሉኝና ከወትሮው ይልቅ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

ልነግረው ያሰብኩት ከጨዋታው በኋላ ነው። ሰው ሊሰማው በማይችልበት ሰዓት፣ ጠጠሩን ስንሰበስብ።

ተቀመጥኩና ሰሌዳውን አየሁ። ያልተቀባው ንጉሥ፣ የእሱ ቡሎን፣ ቦታው ላይ አይደለም። ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት መቆም ሲገባው እሱ መዘውሯን በንጉሡ ቦታ፣ ንጉሡን በመዘውሯ ቦታ አድርጓቸዋል።

«አሳስተሃል» አልኩና አለዋወጥኳቸው።

«ተይው» ሊል አፉን ከፈተ መሰለኝ። አላለም። እጁን ሰደደ፤ አንድ ዳዶ ገፋ። ቀጠለና ሌላ ዳዶ። ቀና ብሎ አየኝ። ጎሚቶውን አነሳ፣ እንደ ልማዱ አየር ላይ አንሳፈፈው፣ አሳረፈው። እንደገና አየኝ።

እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ልቡ ሄዷል ብዬ ነው ያሰብኩት። ነጭ እንደሚጀምር ራሱ ያስተማረኝን እንኳ የረሳ፣ ገና በርበራ ሳይደርስ በርበራ ያለ ሰው መሰለኝ። አንድ ዳዶ ጨመረ።

«ነጩ እኔ ነኝ» አልኩት። «ተራው የእኔ ነው።»

ያወጣቸውን ጠጠሮች አንድ በአንድ አንስቼ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ሲመለሱ ያያቸው ነበር። የመጨረሻውን ሳስቀምጥ ፈገግ አለ፤ እንዲያ ያለ ፈገግታ ከዚያ በፊት አላየሁበትም።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «ተራው የአንቺ ነው።»

ተጫወትን። እንደ ሕጉ፣ በየተራ። መዘውሩን አሳልፎ ሲሰጠኝ እንኳ አላስተዋለም። ጋሽ እድሪስ ሻይ አመጡልን፤ ሳንነካው ቀዘቀዘ። ጨዋታው ሲያልቅ ልናገር ትንፋሼን ሰበሰብኩ። እሱ ግን ተነስቶ ቆሟል።

«በትምህርትሽ በርቺ» አለኝ። «እሺ?»

በትምህርትሽ በርቺ የሚል ሰው አብረሽኝ ነይ እያለ አይደለም። ሐሳቡን ቀይሯል አልኩ። በአፌ የያዝኩትን መልስ ዋጥኩት። «እሺ» አልኩት። የጋሽ እድሪስን ጉልበት ስሞ፣ ለእኔ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሄደ። ሰሌዳውንና ጠጠሮቹን አልወሰዳቸውም።

በሚቀጥለው ዓርብ እግሬ እንደ ልማዱ ወሰደኝ። ጋሽ እድሪስ ሩዙን ተቀበሉና ሳይፈቱት አጠገባቸው አስቀመጡት።

«አንቺ ልጅ፣ ለምን ከለከልሽው?»

«ምኑን ጋሽ እድሪስ? እኔ የከለከልኩት ነገር የለም።»

«ሱብሐን አላህ። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲወጣ እዚህ እየመጣ እኔን ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ነው የከረመው። የአያትሽን ጨዋታ አስተምሮኝ፣ ተጫወት ይለኛል። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ እንጀምር ይለኛል። እኔ በዚህ ዕድሜ ምን እጅ አለኝ? ንጉሡ በቀኝ ነው የሚቆመው ትላለች፣ እንዳላሳፍራት ይላል።»

ንጉሥ በቀኝ። አያቴ ሁለቱንም ንጉሦች ከየተጫዋቹ በስተቀኝ ነበር የሚያቆማቸው፤ ለይርጋ ይህን የነገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በጨዋታ መሃል። በነጭ በኩል ልዩነት የለውም። በእሱ በኩል ነው የሚለየው።

«ምን አለኝ መሰለሽ» አሉ ጋሽ እድሪስ። «‹መልስሽን ንገሪኝ ብዬ አላስጨንቃትም፤ እሷ አፍ አውጥታ እምቢ ማለት ይከብዳታል። በአያቷ ሕግ እጀምራለሁ። ልቧ ከፈቀደ ገብታ አብራኝ ታሰልፋለች። ካልፈቀደ ጠጠሬን ትመልሰዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ።› እኔ ደግሞ ምላሴን ነከስኩ። ሚዛን ነኝ ብያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ማጋደል ነበረብኝ።»

ሳህኑን አየሁት። ዝንቦች ከበውታል። እሄዳለሁ ብዬ እንደነበር ነገርኳቸው። ጋሽ እድሪስ መቁጠሪያቸውን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱት።

በርበራ ቅርብ ነው። በማግስቱ በበርበራ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠየቁልኝ። የበርበራው ሥራ ሳይሆን ቀርቶ አለቃው ሰዎቹን ይዞ በቀጥታ ወደ ጅቡቲ ተሻግሯል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ አልተገኘም። ያን ጊዜ እንዳሁኑ ስልክ በየኪሱ የለም። ብዙ ዓርብ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ በኋላ መጠበቄ ራሴም የማላየው ልማድ ሆነ።

መጽሐፉን መልሼ ተዋስኩት። መምህሩ ምንም ሳይጠይቅ ሰጠኝ፤ ያቆምኩበትን ገጽ ጠርዝ አጥፌው ነበር፣ እንደታጠፈ አገኘሁት። ጨረስኩት። ከዚያ ሌላ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። ዛሬ የምኖረው ኑሮ፣ ይህ የመጻሕፍት ክፍል፣ እነዚህ ልጆች፣ ሁሉም የተገኙት ያን ቀን እጄን ጭኔ ላይ ስላስቀመጥኩ ነው። አልጠላሁትም። እወደዋለሁ እንኳ። ግን ደመና ከብዶ ዝናብ ሳይጥል በሚያድርበት ሰሞን፣ አንዳንድ ቀን፣ በርበራ ውስጥ ወይም ሌላ የማላውቀው ከተማ ውስጥ ወለሉ በሥርዓት የተነጠፈ አንድ ቤት ይታየኛል። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ሁሉ አውቃለሁ።

ትናንት የይርጋን ጠጠሮች ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ሆዳን ክዳኑን ስትከፍት የብረት ሽታ ወጣ። ዳዶውን ነካች፣ መዘውሩን አዞረች። ፊሸሩን አንስታ «ይሄስ?» አለች።

«በአያቴ ጨዋታ ፊል ነው።»

«ፊል? ቁርአን ላይ ያለው ዝሆን?»

«እሱ ነው» አልኳት። የምንኖርበት አውራጃ እንኳ በዝሆን ስም ይጠራል፤ ዝሆን ግን እሷም እኔም አይተን አናውቅም።

ጎሚቶውን ሰጠኋትና ስለ ውሃና ስለ ግድግዳ ነገርኳት። ወዲያው ገባት። ከዚያ ንጉሦቹን በቀኝ በቀኝ አቆምኩና ወረራን አስረዳኋት።

«ማን ይጀምራል?» አለችኝ።

«ሁለታችንም።»

ለሁለተኛ ጊዜ አልጠየቀችም። ልጅ ናት፤ ተራ አለመጠበቅ ግርግር አይመስላትም። ዳዶዎቿን በሁለት እጅ ትገፋ ጀመር፤ ፈረሷን አወጣች፣ መለሰች፣ በሌላ በኩል አወጣች። ከዚያ ቆም ብላ ቀና አለች። በሶማልኛ አንቱታ የለም፤ ልጆቹ እንደ እኩያቸው ነው የሚያናግሩኝ።

«መአሊመድ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እጄን አየሁት። ጭኔ ላይ ነበር።

ነጩን ጎሚቶ አነሳሁ። ቀለሙ ከብዙ ቦታ ተላጦ ብረቱ ይታያል፤ ከጣሳው ወጥቶ ገና አልሞቀም። ሳላሳርፈው ትንሽ አየር ላይ አንሳፈፍኩት። ይርጋ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ በሕይወት መኖሩንም የነገረኝ የለም። ነገር ግን ያለበት ሆኖ አንድ ቀን ጠጠሩን በአያቴ ሕግ ካሰለፈ፣ ንጉሡን በቀኝ አቁሞ አንድ ዳዶ ወደፊት ከገፋ፣ ቀና ብሎ እንዳይጠብቀኝ። እኔም ጀምሬያለሁ።